ለካሜራ የለበሰች ጠረጴዛ

በዚህ አገር ስለ ሥዕል ይሔሳል፤ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ቴአትር፣ ስለ ዘፈን ይሔሳል። ከብዙ የሥዕል ዐውደ ርእይ ይልቅ ተመልካች ያለው፣ ቤተሰብም ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን የሚያፈስበት አንድ ሥራ ግን እስከ ዛሬ ሐያሲ አልቆመለትም። የሙሽሮችን ጠረጴዛ ማለቴ ነው። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት በአዲስ አበባ አዳራሾች ይህች ጠረጴዛ ሳቲኗን ለብሳ ትቆማለች። ጠዋት ትሰናዳለች፤ ከቀትር በኋላ ትታያለች፤ ማታ ትፈርስና ልብሷ በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ወደ ሚቀጥለው ሠርግ ይጫናል። የሚተርፈው ፎቶግራፉ ነው።

“ሰው የደስታውን ቀን እንደ ወደደ ቢያስጌጥ አንተን ምን ቸገረህ?” የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ሠርጉ የግል ቢሆንም ገበታው የአደባባይ ነው። የተጠራ ሁሉ ያያል፤ ያየ ሁሉ ይፈርዳል፤ ያውም ገና ከአዳራሹ ሳይወጣ። እኔ በየወንበሩ በሹክሹክታ የሚባለውን በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንየው። በአዳራሹ ጫፍ ከወለሉ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ ያለ መድረክ አለ። ከጀርባ ከጣሪያው አንሥቶ የሚወርድ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ውስጥ እንደ ኮከብ የሚብለጨለጩ ጥቃቅን አምፖሎች። ከፊት ደግሞ ረጅሟ ጠረጴዛ። ነጭ ሳቲን ከላይ እስከ እግሯ አልብሷታል። በሳቲኑ ላይ ኦርጋንዛ ወይም ቱል በቅስት በቅስት እየተሰበሰበ ወርዷል፤ ቅስቶቹ በሚገናኙበት ሁሉ አንድ እቅፍ አበባ ተሰክቷል፤ አበባው ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ ነው። ሙሽሮቹ መሐል፣ ሚዜዎቹ ከግራና ከቀኝ ተደርድረው ሁሉም ፊታቸውን ወደ አዳራሹ አዙረው ይቀመጣሉ። ከጠረጴዛዋ ወዲህ ማዶ ማንም አይቀመጥም።

ስለ እጅ ሥራው ክፉ ለመናገር አልደፍርም። ሽንሽኑን በስንዝር እየለኩ፣ ስፒሉን በከንፈራቸው ይዘው የሚሠሩትን ወጣቶች ቆሜ አይቻለሁ። ያለ ማስመሪያ አሥራ ሁለት ቅስት እኩል ይጥላሉ። ስፒሉ የገባበትን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ በብዙዎቹ የዘመኑ ሥዕሎቻችን ላይ ባገኝ ደስ ባለኝ። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። በማንኛውም ሠርግ ላይ ዕድል ካገኛችሁ ከጠረጴዛዋ ኋላ ዞራችሁ እዩ። ጣውላው ራቁቱን ነው። የመብራት ገመድ፣ የለስላሳ ሣጥን፣ ሙሽራዋ ከድካም ብዛት ያወለቀችው ጫማ እዚያ ነው። ልብሷ ያለው በአንድ ፊቷ፣ ካሜራው በቆመበት በኩል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጨርቁ ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሳቲን የክር ስም አይደለም፤ የአሸማመን ስም ነው። ድሩ አራትና ከዚያም በላይ ማግ እየዘለለ ስለሚያልፍ የጨርቁ ገጽ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ ክር ይሆናል፤ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ውኃ ይንሸራተታል። ክሩ ሐር ከሆነ አንጸባራቂነቱ ለስለስ ይላል። እኛ የምንከራየው ግን ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ብርሃንን ይመልሳል እንጂ አይቀበልም፤ ወጥንም እንዲሁ። ጠብ ያለበት መረቅ አይሰርግም፤ ቁልቁል ይወርዳል። ካውያ ከበዛበት ይቀልጣል። በሻማ አጠገብማ ባይቀመጥ ይሻላል። እንግዲህ ይህ ጨርቅ ለመብራትና ለፍላሽ የተፈጠረ እንጂ እጅ እየታጠበ ለሚጎርስ ሰው የታሰበ አይመስለኝም። በእርግጥም በሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አይበላም። ሙሽራው ሙሽራዋን አንዴ ያጎርሳታል፤ ቪዲዮ አንሺው “አልያዝኩትም፣ ይደገም” ይላል፤ ይደገማል። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ይነሣል።

ጨርቅና ግብዣ ግን በእኛ ዘንድ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት (1882–1906 ዓ.ም.) በታላቁ አዳራሽ ግብር ሲበላ ንጉሠ ነገሥቱ የሚመገቡት በመጋረጃ ተከልለው ነበር። እሳቸው ሲያበቁ መጋረጃው ይገለጣል፤ ከዚያ ጭፍራው በተራ በተራው እየገባ ይታደማል። በጊዜው የነበሩ የውጭ አገር እንግዶች ከጻፏቸው ነገሮች አንዱ ይህ መገለጥ ነው። መሶቡም ቢሆን ወደ አዳራሹ የሚገባው ቀይ ጨርቅ ተጎናጽፎ እንጂ ገላውን አሳይቶ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያንም ንዋያተ ቅድሳቱ በማኅፈድ ተሸፍነው ይቆያሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ይገለጣሉ። ወረድ ብለን ወደ የቤታችን ብንመጣ ደግሞ ረከቦቱ ጥልፍ ለብሶ ይቆያል፤ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጨርቁን አንሥታ አጥፋ አጠገቧ ስታስቀምጥ ቡናው መጀመሩን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን።

የጨርቁ ሥራ እንግዲህ ሁለት ነበር፤ መሸፈንና መገለጥ። ምግቡን ከአቧራና ከዝንብ፣ አንዳንዱም እንደሚያምነው ከክፉ ዓይን ይጠብቃል። ሲነሣ ደግሞ “ብሉ” ማለት ነው። እንግዳ የሚጠብቀው ያንን መነሣት ነው። በሳቲኗ ጠረጴዛ ላይ የሚነሣ ጨርቅ የለም። ልብሷ ጠዋት በስፒል ይቸነከራል፤ ማታ ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ ይነቀላል። እኔ ከማንኛውም የቀለም ወይም የአበባ ምርጫ ይልቅ እንደ ትልቅ ጉድለት የምቆጥረው ይህን ነው።

ጌጥ ሁሉ ሐሳብ አለው። ክብረ ነገሥትን ያነበበ ሰው ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ያሰናዳውን ግብዣ ያስታውሳል። እሷ ሁሉን እያየች የምትቀመጥበት ስፍራ ተለይቶ ሐምራዊ መጋረጃ ተጥሎለታል፤ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ሽቶ ታጥኖበታል። ከዚያ በኋላ የቀረበው ምግብ ግን ታስቦበት ውኃ የሚያስጠማ ነበር። የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል፤ የእኛም ሠዓሊዎች ታሪኩን በሸራ ላይ በክፍል በክፍል ሲሥሉት ግብዣውን አያልፉትም። ያ መጋረጃ የተሰቀለው ለአንዲት ሴት ዓይን ተብሎ ነው። ተንኮል ቢኖርበትም እንግዳዋን አስቧል። የእኛ ዘመን መጋረጃ ማንን አስቦ ይሰቀላል? ሠርገኛው እንዳይባል ሠርገኛው ከርቀት ነው የሚያየው። እኔ እንደሚመስለኝ የሚታሰበው ነገ ፎቶውን የሚያየው፣ ወደ ሠርጉ ያልተጠራው ሰው ነው።

በአንድ ወገን ብቻ ስለ መቀመጥ ካነሣን አይቀር፣ በብዙ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የመጨረሻውን እራት ሥዕል እናስታውስ። ዋናውን ሥዕል ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ1495 እስከ 1498 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሚላኖ ውስጥ በአንድ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሠርቶታል። እሱም እንደ እኛ ሚዜዎች ሁሉንም በአንድ ወገን ደርድሯቸዋል፤ ተመልካች ፊታቸውን እንዲያይ። ግን ጨርቁን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ነጭ የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ በጫፉና በጫፉ ላይ ሰማያዊ ጥለት አለው። ከአገራችን ነጠላ ጋር ያለው መመሳሰል ያስገርማል። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ ግን እጥፋቱ ነው። ሠዓሊው ጨርቁ ከሣጥን ሲወጣ የነበረውን የመታጠፍ ምልክት አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን አድርጎ ሥሎታል። ስለዚህ ያ ጨርቅ የዚያ ዕለት አይደለም። ታጥቧል፣ ታጥፏል፣ ተቀምጧል፣ ለዚህ ማታ ወጥቷል። በላዩ ላይ ኅብስት አለ፣ ሳህን አለ፣ እጅ አለ። ለመታየት የተሠራ ሥዕል ሆኖ ሳለ ገበታውን ግን የሚበላበት አድርጎ ትቶታል።

ይህን ስል ድሮ ሁሉ ነገር መልካም ነበር ከሚሉት ወገን እንዳልቆጠር። የእናቶቻችን ዳንቴል የራሱ ጣጣ ነበረው። ልጅቷ ኪሮሿን ይዛ ስንት ክረምት ዓይኗን ታፈስበታለች፤ ለሶፋው፣ ለራዲዮው፣ በኋላም ለቴሌቪዥኑ፣ ለጠረጴዛው። ካለቀ በኋላ ደግሞ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ላስቲክ ይደረብበታል! በበዓል ቀን እንኳ ላስቲኩ አይነሣም። ስንቶቻችን ነን ዶሮ ወጡን በላስቲክ ላይ በልተን፣ ክንዳችን ከላስቲኩ ጋር እየተጣበቀ፣ ከሥር ያለውን ጥበብ እንደ ሙዚየም ዕቃ እያየን ያደግነው? ያም ጨርቁን ከሥራው ማገድ ነው። ልዩነቱ ዳንቴሉ ስም ነበረው። የማን እጅ እንደሆነ ቤቱ ያውቅ ነበር፤ እንግዳ ሲጠይቅም ይነገረው ነበር።

መከራየትንም ነውር ነው አልልም። ዕድራችን ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ትልልቁን ድስት ሲያውሰን ኖሯል፤ በተውሶ ዕቃ ያልተዳረ ሰው ከከተማችን ውስጥ ጥቂት ነው። ሳቲኑም ቢሆን ቤቷ ከዳስ ማቆሚያ የጠበበባትን ልጅ ለአንድ ቀን መድረክ ላይ አውጥቷታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዕድሩ ድስት ግን ሲከራዩትም ሲዋሱትም ይበስልበታል።

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ የሆነውን ላውጋችሁ። የሙሽራዋ አያት በልጅነታቸው የጠለፉት የጠረጴዛ ልብስ ነበር። መደቡ አቡጀዲ ነው፤ ዙሪያውን ዳንቴል ተያይዞለታል፤ አራቱ ማዕዘን ላይ ወይን ጠጅ ክር የወይን ዘለላ ሠርቷል። አያቲቱ በሕይወት የሉም። የሙሽራዋ አክስት ጨርቁን አጥባና ተኩሳ በማለዳ ወደ አዳራሹ ይዛ መጣች። ስሙን የማልጠራው አዳራሽ የራሱ ዲኮር ሠሪዎች ነበሩት።

“ማዘር፣ ያምራል” አላት ልጁ፣ በትሕትና። “ግን ከከለሩ ጋር አይሄድም። ፎቶ ላይ ቢጫ ሆኖ ነው የሚወጣው።”

“እናቴ ናት የጠለፈችው፣ የኔ ልጅ። ጥግ ላይም ቢሆን አድርግልኝ።”

“ገባኝ ማዘር። እኔ ብፈቅድም አለቃዬ አይፈቅድልኝም። ውሉ ላይ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የለም ይላል።”

ልጁን አልወቅሰውም። እውነቱንም ነው፤ ያረጀ ጥጥ ከነጭ ፖሊስተር አጠገብ ቢጫ ነው። አክስቲቱ አልተከራከረችም፤ ጨርቁን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ከሰዓት በኋላ እጄን ልታጠብ ስሄድ በጓዳው በር በኩል አየሁት። እንጀራው የተከመረበት ትልቅ መሶብ ላይ ተጥሏል። አስተናጋጇ በመጣች ቁጥር ጫፉን ይዛ ትገልጠዋለች፤ እንፋሎቱ ይወጣል፤ እንጀራዋን ጠቅልላ ታነሣና መልሳ ትከድነዋለች። አንደኛው የወይን ዘለላ ላይ ወጥ ፈስሶበት ነበር። በዚያ ሠርግ ላይ ካየኋቸው ገበታዎች ሁሉ በሚገባ የለበሰው እሱ ነበር ብል አላጋነንኩም። ፎቶ አንሺው ግን ወደዚያ አልመጣም።

“መልስን ረሳኸው” እባላለሁ። በመልስ ዕለት ባህላችን ይመለሳል፤ መሶብ ይደረደራል፤ ሙሽሮቹ በጥበብ ልብስ ይወጣሉ። እውነት ነው፤ ቀለሙም ከሳቲኑ ቀን ይልቅ ለዓይን ይመቻል። ነገር ግን ቀረብ ብላችሁ መሶቦቹን ክፈቷቸው። በመድረኩ ግራና ቀኝ የቆሙት ባዶ ናቸው። በጠረጴዛዋ ፊት ላይ የተወጠረውን ባለ ጥለት ጨርቅም ገልብጣችሁ እዩት። እውነተኛ ጥለት ከክሩ ጋር አብሮ ይሸመናልና ከበስተጀርባውም ቀለሙ አለ፤ የክሩ መመላለስ ይታያል። ይኼኛው ጀርባው ነጭ ነው። መስቀሉና ሐረጉ በፖሊስተር ላይ በማሽን ታትሞ ከባሕር ማዶ በጥቅል የመጣ ነው። በሳቲኑ ላይ ቢያንስ ውሸት የለም፤ ሳቲን ነኝ ይላል፣ ሳቲን ነው። የታተመው ጥለት ግን የሸማኔውን ፊርማ አስመስሎ የፈረመ ነው፤ ሥራውንም ከእጁ የወሰደበት። ከሁለቱ ምረጥ ብባል ሳቲኑን እመርጣለሁ።

የዲኮር ባለሙያዎችን ለምን የአገር ሸማ እንደማይጠቀሙ ብትጠይቋቸው የሚሰጧችሁ መልስ አንድ ነው፤ ወርዱ ጠባብ ነው፣ መጋጠሚያው ያስጠላል። ጠባብነቱ እውነት ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ፣ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ስለሚቀበል፣ የጨርቁ ወርድ ሁለት እጆቹ ከሚደርሱበት አያልፍም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ያንሳል። ግን እስቲ እናስላው። አሥር ሰው የሚያስቀምጥ ክብ ጠረጴዛ የመሐሉ ስፋት 180 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ከፍታው 75። እስከ ወለሉ እንዲወርድ 330 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ይፈልጋል። የሳቲን ጥቅል ወርዱ 150 ነው፤ ስለዚህ እሱም ሦስት ቁራጭ መጋጠም አለበት። 85 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሸማ ደግሞ አራት ቁራጭ ሲሆን 340 ይመጣል፤ አሥሯ ለስፌትና ለቅምቅማት ናት። ልዩነቱ የአንድ ስፌት ነው! ያውም በሳቲኑ ላይ ስፌቱ እንዳይታይ ይደበቃል፤ በሸማው ላይ ግን ጥለቱን በመጋጠሚያው ላይ ማስኬድ ይቻላል። ጋቢያችን ተጋጥሞ የተሰፋ አይደለምን? መሐሉ ላይ ስፌት አለው ብሎ ጋቢ የመለሰ ሰው አላውቅም።

ዋጋውን አልክድም። የእጅ ሥራ ውድ ነው፤ ነጭ ጥጥ ላይ የፈሰሰ ቀይ ወጥ አስለቅቆ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ማድረስም የዋዛ አይደለም። ስለዚህ አዳራሹ ሁሉ ነገ ሸማ ይልበስ የሚል ሐሳብ የለኝም። የማነሣው ስለ አንዲቱ ጠረጴዛ ነው፤ ሙሽሮቹ ስለሚቀመጡባት። ከወዲህ ማዶ ሁለት ወንበር ቢደረግላትና የሁለቱም ወገን ወላጆች ፊት ለፊት ቢቀመጡ ካሜራው ምን ይጎዳል? ምግቡ ተሸፍኖ ቆይቶ አንዲት እናት ተነሥታ ጨርቁን ብትገልጠው፣ ቪዲዮ አንሺውስ ከዚህ የተሻለ ምን ይቀርጻል?

ባለፈው ወር ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ከጋሞ ደጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሸማኔን ለጠረጴዛ የሚሆን ነገር ይሠሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ልኬቱን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ወረቀቱን አላዩትም።

“ለማየት ነው ወይስ ይበላበታል?” አሉኝ።

“ይበላበታል፣ አባቴ።”

“ወጥ ይፈስበታላ።”

“ይፈስበታል።”

“እንግዲያው ማጉን ወፈር አድርጌ ነው የምሠራልህ” አሉና መወርወሪያቸውን አስቀምጠው የክሩን ጥቅል ከኋላቸው መፈለግ ጀመሩ።